ከማይክሮፎን እስከ ፋይል፦ የድምፅ መሣሪያዎች በይነ ገጽና የቋንቋ ማስረጃ

ፎኔቲክስ የሚያጠና ሰው የሚጨነቅባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ የተናጋሪው አመራረጥ፣ የቃላት ዝርዝሩ አቀማመጥ፣ የክፍሉ ጸጥታ፣ የማይክሮፎኑ ዓይነትና ከአፍ ያለው ርቀት። በማይክሮፎኑና በኮምፒውተሩ ውስጥ በሚቀመጠው ፋይል መካከል ምን እንደሚሆን ግን እምብዛም አንጠይቅም። ሽቦውን ሰክተን ቀዩን ምልክት ስንጫን የተነገረው ሁሉ እንዳለ ይገባል ብለን እናምናለን። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ያልተጠየቀ መካከለኛ ስፍራ ነው፤ ይኸውም ስርዓተ ክወና የድምፅ መሣሪያዎችን ከፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝበት በይነ ገጽ እንዴት ወጥ ደረጃ እንደያዘ፣ ደረጃው ምን እንዳተረፈልን፣ ሳይነግረንም ምን እንደሚለውጥብን። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው የመጣብኝ በእንግድነት በተቀመጥሁባት በሀርጌሳ ነው፤ ለዚህ ጥያቄም ከሀርጌሳ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ በ1943 ሬዲዮ ኩዱ በሚል ስም ሥራ ጀመረ። ሶማልኛ ይፋዊ ፊደሉን ያገኘው ግን በ1972፣ ከሬዲዮው 29 ዓመት ዘግይቶ ነው። በዚህ አገር እንግዲህ የተቀዳ ድምፅ ከተጻፈ ቃል ይቀድማል ማለት ይቻላል። ካሴት ከተስፋፋ በኋላም ግጥሙ፣ ዘፈኑ፣ ቲያትሩ፣ ከስደት የሚላከው ሰላምታ ሳይቀር በካሴት ይጓዝ ነበር። በ1988 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ከሬዲዮው ቅጂዎች ከፊሉ መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ከፊሉም ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ተረፈ። ዛሬ በሀርጌሳ የባህል ማእከል ከአሥር ሺህ በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። የካሴት ዕድሜ ውስን ነው፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ በዚያች አንድ ጊዜ የተዛባው እንደተዛባ ይቀራል።

ለቋንቋ አጥኚ ነገሩ ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የሶማልኛ ጽሕፈት የአናባቢን ርዝመትና የተነባቢን ጥብቀት ፊደል በመድገም ያሳያል፤ ቃናን ግን አያሳይም። «ኢነን» የሚለው ቃል ከፍተኛ ቃናው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ሲያርፍ ወንድ ልጅ፣ በመጨረሻው ላይ ሲያርፍ ሴት ልጅ ማለት ነው። «ዲቢ» የሚለውም በዚሁ መንገድ አንድ ኮርማና ብዙ ኮርማዎች ተብሎ ይለያል። አማርኛ በተቃራኒው አናባቢዎቹን በፊደሉ ቅርጽ ይናገራል፤ ጥብቀትን ግን ለአንባቢው ይተዋል። «ገና» እና «አለ» ሲላሉና ሲጠብቁ የሚያመጡትን ልዩነት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ፊደል የተወውን ነገር የሚመሰክርልን ድምፁ ብቻ ነው፤ ድምፁ ሲዛባ ሌላ ምስክር የለም።

እኔ ራሴ የተማርሁት በጥፋቴ ነው። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግጥም ሲነግሩኝ ዋሉ። ጥሩ ማይክሮፎን በዩኤስቢ ሰክቻለሁ፤ የድምፁን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመርም ከፍ ዝቅ ይላል። ማታ ሳዳምጠው ጎልቶ የተሰማኝ የላፕቶፑ ማራገቢያ ነበር፤ የሽማግሌው ድምፅ ከሩቅ፣ ከግድግዳ እየተመለሰ ይመጣል። ለካ ስርዓተ ክወናው የራሱን የውስጥ ማይክሮፎን ነባሪ መሣሪያ አድርጎ ይዞ ኖሯል። በማግስቱ ተመልሰን ስንሄድ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት እያፈረ «አዴር፣ መሣሪያው ትናንት በደንብ አልሰማዎትም» ቢላቸው «እሱ ባይሰማ እናንተስ አልነበራችሁም?» አሉት። ግጥሙን በድጋሚ ነገሩን፤ ግን ያው አልነበረም፤ ሁለተኛው አጠር ያለና የተቻኮለ ነበር።

ይህ ስሕተት የግዴለሽነት ውጤት ብቻ አይደለም። የሁለት መቶ ዶላር ማይክሮፎንና በላፕቶፕ ክዳን ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ማይክሮፎን ለመቅጃው ፕሮግራም አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም «የድምፅ መግቢያ» ናቸው። እንዲህ እንዲሆን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። የድካማቸውን ምክንያት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ለግል ኮምፒውተር የድምፅ ካርድ ሲወጣ፣ በ1987 አድሊብ፣ በ1989 ሳውንድ ብላስተር፣ ስርዓተ ክወናው ስለ ድምፅ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከእያንዳንዱ ካርድ ጋር በቀጥታ፣ በካርዱ ቋንቋ መነጋገር ነበረበት። ተጠቃሚውም ፕሮግራሙን ሲጭን ካርዱ የትኛው እንደሆነና በየትኛው ቁጥር እንደሚጠራ ይጠየቅ ነበር። አምስት ካርድና አሥር ፕሮግራም ካለ ሃምሳ ውል ያስፈልጋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በመካከል አንድ የጋራ ቋንቋ ማቆም። ካርድ ሠሪው ድራይቨሩን ለዚያ ቋንቋ ይጽፋል፣ ፕሮግራም ሠሪውም ለዚያው ይጽፋል፤ ሃምሳው ውል አሥራ አምስት ይሆናል። ዊንዶውስ ይህን ዓይነት በይነ ገጽ ያገኘው ለዊንዶውስ 3.0 በ1991 በወጣው የመልቲሚዲያ ማሟያ ነው። ማክ ኦኤስ ኤክስ በ2001 ሲወጣ ኮር ኦዲዮን ይዞ መጣ።

በሊኑክስ በኩል ያለው ታሪክ ረዘም ያለና ለእኛ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ሐኑ ሳቮላይነን የተባለው ፊንላንዳዊ ከ1992 ጀምሮ የጻፈው፣ በኋላ ኦኤስኤስ የተባለው ሥራ የዩኒክስን የቆየ ልማድ ተከተለ፤ በዚያ ልማድ ሁሉም ነገር ፋይል ነው። የድምፅ ካርዱም እንደ አንድ ፋይል ሆኖ ይታያል። ለመቅዳት ፋይሉን ትከፍታለህ፣ ታነባለህ፣ ትዘጋለህ፤ ለማጫወት ትጽፍበታለህ። ውበት ያለው ሐሳብ ነው፤ ፋይል ማንበብ የሚያውቅ ፕሮግራም ሁሉ ድምፅ መቅዳት ያውቃልና። ዳሩ ግን ፋይል ጊዜ የለውም። መጽሐፍን ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብታነብ መጽሐፉ አይጎድልም። ድምፅ ግን አንባቢው እስኪመለስ አይጠብቅም፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይፈሳል፣ ፕሮግራሙ ለጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ከዘገየና የመጠባበቂያው ቦታ ከሞላ የፈሰሰው ፈሰሰ። በፋይሉ ውስጥ የጎደለው ሥፍራ ባዶ ሆኖ እንኳ አይታይም፤ በፊትና በኋላ ያለው ተገጣጥሞ ይቀመጣል። የጥብቀትን ርዝመት በሺኛ ሰከንድ ለሚለካ አጥኚ ከዚህ የከፋ ስሕተት ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሳይጠፋ ውሸት ይሆናል።

ሌላም ችግር ነበረ። ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን የከፈተው የመጀመሪያው ፕሮግራም ብቻውን ይይዘዋል፤ ሁለተኛው «ተይዟል» ይባላል። ስለዚህ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ ተቀብለው የሚያቀላቅሉ የድምፅ አገልጋዮች ተነሡ፤ እያንዳንዱ የዴስክቶፕ አካባቢም የራሱን አገልጋይ ያዘ፣ አገልጋዮቹም እርስ በርሳቸው አይግባቡም ነበር። በያሮስላቭ ኪሴላ በ1998 የተጀመረው አልሳ በ2002 ወደ ከርነሉ ገብቶ የኦኤስኤስን ቦታ ወረሰ። ከዚያ በላይ ፐልስ ኦዲዮ መጣ፤ ፌዶራ በ2007፣ ኡቡንቱ በ2008 ነባሪ አገልጋይ አደረጉት። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በፌዶራ ቦታውን ፓይፕዋየር ያዘ። የሚያስገርመው ነገር አንዱ ደረጃ ሌላውን ሲተካ አሮጌውን አለማጥፋቱ ነው። አልሳ የኦኤስኤስን አነጋገር አስመስሎ ይናገራል፤ ፓይፕዋየርም የፐልስ ኦዲዮን። ቋንቋ የለወጠ ሕዝብ የቀድሞውን ቋንቋ በቦታ ስሞች ውስጥ ይዞ እንደሚኖር ሁሉ፣ ዛሬ ቅጂ የሚቀዳ ሰው ሳያውቀው በሦስት ዘመን ንብርብር ውስጥ ያልፋል።

መሣሪያዎቹም በራሳቸው በኩል ወደ አንድነት ሄዱ። የዩኤስቢ የድምፅ ክፍል ደረጃ የመጀመሪያው እትም በ1998፣ ሁለተኛው በ2006 ወጣ። ይህን ደረጃ የተከተለ መቅጃ የራሱ ድራይቨር ሳያስፈልገው በየትኛውም ማሽን ይሠራል፤ ባለ ዲስክ ድራይቨር ፍለጋ መንከራተት የቀረልን በዚህ ነው። ዊንዶውስ ሁለተኛውን እትም በራሱ ድራይቨር የተቀበለው ግን በ2017 ነው። ከደረጃው መታወጅ እስከ መሥራቱ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ስለ ፊደል ደረጃ የሚያጠና ሰው ይህን ዓይነት ክፍተት አይቶ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጋራ ቋንቋ የሚቆመው ልዩነትን በመሸፈን ነው። ፕሮግራሙ በሰከንድ 96,000 ናሙና ይጠይቃል፣ መሣሪያው በ44,100 ተስተካክሏል እንበል። ድሮ ፕሮግራሙ እምቢታ ይሰማ ነበር። ዛሬ ስርዓተ ክወናው በትሕትና በመካከል ገብቶ 44,100ውን ወደ 96,000 አስልቶ ይሰጠዋል። ማንም አልተከፋም፤ ፋይሉም «96,000» የሚል ስም ይዞ ይቀመጣል። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስለ ድምፅ አርካይቮች ማኅበር አሮጌ ቅጂዎች ቢያንስ በ48,000 ናሙናና በ24 ቢት፣ ቢቻልም በ96,000 እንዲገለበጡ ይመክራል። እንዲህ ያለው ፋይል በወረቀት ላይ ምክሩን አሟልቷል። ስፔክትሮግራሙ ሲከፈት ግን ከ22,000 ሄርዝ በላይ በቢላ እንደተቆረጠ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ የካሴቱ የራሱ እሽታ እንኳ እዚያ ላይ ድንገት ይቆማል። ስሙና ይዘቱ የማይገናኝ ቅጂ ማለት ይህ ነው።

የባሰው የስሌት ሳይሆን የስም ስሕተት ሲሆን ነው። በ44,100 የተቀዳ ድምፅ ሳይሰላ «48,000» ተብሎ ከተጻፈ አሥር ደቂቃው ወደ 9 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያጥራል፤ የአንድ ወንድ ተናጋሪ 120 ሄርዝ መሠረታዊ ድግግሞሽ 131 ገደማ ይሆናል፤ የፎርማንቶቹም ቁጥር በዚያው መጠን ይወጣል። በሙዚቃ ቋንቋ አንድ ተኩል ግማሽ ቃና ያህል ነው። እንዲህ ዓይነት ፋይል ከአንድ ስብስብ ውስጥ ደርሶኛል፤ ተናጋሪውን የሚያውቅ ሰው «በወጣትነቱ የተቀዳ መሆን አለበት» አለኝ። እዚህ ላይ ግን ተረጋግቶ መለየት ይገባል። «ኢነን» ወንድ ይሁን ሴት የሚለየው በቃና አንጻራዊ ከፍታ ስለሆነ ልዩነቱ አይጠፋም። 100 ሺኛ ሰከንድ የነበረው ላላ ተነባቢ 92፣ 200 የነበረው ጠባቂ 184 ይሆናል፤ ጥምርታው ያው ነው። የሚጠፋው ከሌላ ተናጋሪ፣ ከሌላ ቀበሌኛ ወይም ከሌላ ዘመን ጋር የማነጻጸር መብታችን ነው። ካሴት ማጫወቻዎችም በፍጥነታቸው ስለሚለያዩ ሁለቱ ስሕተቶች ሲደራረቡ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

ከስሌትና ከስም ያለፈው ሦስተኛው ለውጥ «ማሻሻያ» ይባላል። ስርዓተ ክወናዎች አብዛኛው ሰው ማይክሮፎን የሚከፍተው ለመነጋገር ነው ብለው ያስባሉ፤ አልተሳሳቱም። ለመነጋገር የሚጠቅመው ደግሞ ድምፅን ማስተካከል ነው፤ ዝቅ ያለውን ማጉላት፣ ጫጫታውን መቀነስ፣ የገደል ማሚቶውን ማጥፋት። ዊንዶውስ ለዚህ ሲል «ነባሪ መሣሪያ» እና «ነባሪ የመነጋገሪያ መሣሪያ» የሚባሉ ሁለት ቦታዎች አሉት፤ መነጋገሪያ ሲከፈት የሌሎችን ፕሮግራሞች ድምፅ በ80 በመቶ የመቀነስ ልማድም ተሰጥቶታል። የመጠን ማስተካከያው መሠረታዊ ድግግሞሽን አይነካም፤ የቃና ጥናት ከእርሱ ይተርፋል። ስለ ድምፅ ጉልበት ወይም ስለ አጽንዖት የሚጠና ጥናት ግን አይተርፍም፤ ማሽኑ ደካማውን ቀለም አጉልቶ ከጠንካራው ጋር ያስተካክለዋልና። ጫጫታ ቀናሹ ደግሞ ሳይለወጥ የሚቀጥልን ድምፅ እንደ ጫጫታ ይቆጥራል። የጠበቀ «ሰ» ወይም «ሸ» ለእንዲህ ዓይነቱ ዳኛ ምን እንደሚመስል አንባቢው ይገምተው። ፈንጂዎቻችን፣ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ከፍንዳታቸው በኋላ የሚያሳዩት አጭር ጸጥታም መለኪያችን ነው፤ ያ ጸጥታ የተናጋሪው ይሁን የማሽኑ በኋላ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

በመስክ ሥራ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንቀዳው በስልክ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በአንድሮይድ ፕሮግራሙ ማይክሮፎኑን ሲጠይቅ ለምን እንደፈለገው ይናገራል። «ለመነጋገር» ካለ የማሚቶ ማጥፊያና የመጠን ማስተካከያ ይከተሉታል። «ለንግግር ማወቂያ» ካለ ጫጫታ መቀነሻውና የመጠን ማስተካከያው በነባሪነት ዝግ እንዲሆኑ የስርዓቱ የተስማሚነት ደንብ ያዛል። በ2016 ከወጣው ከአንድሮይድ 7.0 ጀምሮ ደግሞ «ያልተነካ» የሚባል መንገድ አለ፤ መሣሪያ ሠሪው ከደገፈው። እንግዲህ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ተናጋሪ፣ ሁለት የመቅጃ ፕሮግራሞች ሁለት የተለያዩ ድምፆች ይሰጣሉ። በጥናቶቻችን የዘዴ ክፍል «በስልክ ተቀዳ» የሚለው ሐረግ ይህን አይነግረንም።

ብሉቱዝ ማይክሮፎንን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው፤ ለቋንቋ ቅጂ አይሁን። ማዳመጫው ሙዚቃ ሲያሰማ ጥሩ ነው፤ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ግን ስርዓተ ክወናው ወደ ስልክ መነጋገሪያው ደረጃ ይዞረዋል፤ ናሙናው በሰከንድ ወደ 16,000 ወይም ወደ 8,000 ይወርዳል። በ8,000 ናሙና ከ4,000 ሄርዝ በላይ የሚቀር ነገር የለም፤ የ«ሰ» ዋና ጉልበት ግን ያለው ከዚያ በላይ ነው። ፋይሉ ግን «44,100» ሊል ይችላል፤ ስርዓተ ክወናው አስልቶለታልና።

ይህን ሁሉ ስል ደረጃውን ለመክሰስ አይደለም። በ1972 ሶማልኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወሰን ምንም ተጨማሪ ምልክት የማይፈልግ፣ በተራ የጽሕፈት መኪና የሚጻፍ ሥርዓት ተመረጠ፤ የጉሮሮ ድምፆቹ እንኳ በሥራ ፈት ፊደላት ተወከሉ። ቃና ከጽሕፈት ውጭ ቀረ። ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሕዝብ ማንበብ የቻለው በዚያ ነው። ነገር ግን ሶማልኛን ከጽሑፍ ብቻ የሚያጠና ሰው ቃና የለውም ብሎ ቢጽፍ ስሕተቱ የፊደሉ አይሆንም። የድምፅ በይነ ገጽም እንዲሁ ነው፤ ብዙኃኑ እንዲነጋገር ታስቦ ተቀረጸ፣ ለዚያም በቅቷል። ምን እንደተወ ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው። ከፊደል የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ፊደል የተወውን በግልጽ ትቶታል፣ በይነ ገጹ ግን የተወውን ሞልቶ ያቀርባል።

ስለዚህ በቅጂ መግለጫዎቻችን ውስጥ ከማይክሮፎኑ ስም ጎን ለጎን ጥቂት መስመሮች ቢገቡ እላለሁ፤ የስርዓተ ክወናው ስምና እትም፣ መሣሪያው በስርዓቱ ቅንብር ላይ የተስተካከለበት የናሙና ፍጥነት (ፕሮግራሙ ላይ ያለው አይበቃም)፣ ማሻሻያዎቹ መዘጋታቸው፣ ፕሮግራሙ መሣሪያውን ለብቻው ይዞት ወይስ ከሌሎች ጋር ተጋርቶት እንደነበር። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ለብቻ የመያዝን መንገድ ይፈቅዳል፤ በማክ የኦዲዮ ሚዲ ቅንብር የሚባለው መስኮት ፍጥነቱን ያሳያል። በሊኑክስ ፐልስ ኦዲዮ በነባሪነት በ44,100፣ ፓይፕዋየር በ48,000 እንደሚሠሩ ማወቅ ብቻውን ብዙ ግራ መጋባትን ያድናል፤ ማሽኑን ያሻሻለ ሰው የትናንቱንና የዛሬውን ቅጂ በሁለት መንገድ አሳልፎ ሊሆን ይችላልና።

ከሽማግሌው ግጥም ወዲህ እኔ የያዝሁት ልማድ ከዚህ ይቀላል። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ከኮምፒውተሩ ጋር ካልተያያዘ አንዲት ትንሽ መሣሪያ 1,000 ሄርዝና 6,000 ሄርዝ የሆኑ ሁለት ድምፆችን እያንዳንዳቸውን ለአሥር ሰከንድ አሰማና እቀዳለሁ፤ ፋይሉን ዘግቼ እንደገና በፕራት እከፍተዋለሁ። የመጀመሪያው 1,088 ወይም 919 ሆኖ ከተነበበ በመንገድ ላይ የናሙና ስም ተለዋውጧል። ሁለተኛው ጨርሶ ከሌለ የምቀዳው በስልክ መነጋገሪያ መንገድ ነው። ሁለቱም ጀምረው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እየደበዘዙ ከጠፉ ጫጫታ ቀናሹ ሥራ ላይ ነው። በመጨረሻም ማይክሮፎኑን በጣቴ መታ አደርገዋለሁ፤ ምቱ ጎልቶ ካልተሰማ የሚያዳምጠኝ ሌላው ነው።